ዲኤስኤልአር ልግዛ ወይስ ውሃ የማይበግረውን ትንሹን ካሜራ?

ጥር 11 ጠዋት፣ ጎንደር፣ የፋሲል መዋኛ። ውሃው ተባርኳል። ጸበሉ በጎማ ወደ ሕዝቡ ይረጫል። ጎረምሶቹ ልብሳቸውን እየጣሉ ዘለው ይገባሉ። እልልታው ጆሮ ይደፍናል። የኔ ካሜራ በዚያ ሰዓት የት ነበር? ፌስታል ውስጥ። ፌስታሉ ቦርሳ ውስጥ። ቦርሳው ጃኬቴ ሥር።

ዲኤስኤልአር ነበር፤ ሌንሱ የሚቀያየረው ትልቁ የካሜራ ዓይነት። ዕዳውን እንኳ ከፍዬ አልጨረስኩም። አጠገቤ አንድ ልጅ የእጅ መዳፍ የምታህል ካሜራ በገመድ አንጓው ላይ አስሮ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ያነሳል፣ ይስቃል፣ እንደገና ያነሳል። ሲረጩት ካሜራዋን እንደ ጋሻ ፊቱ ላይ ይደቅናል።

ማታ ቡና ላይ ተገናኘንና ፎቶ ተለዋውጠን አየን። የውሃው ፎቶዎቹ ያስቀናሉ። ጠብታው ሌንሱ ላይ ሊያርፍ ሲል፣ ከጀርባው የልጆቹ ፊት። እኔ ከዚያ ሰዓት አንድም የለኝም። ከዚያ ወደ ሌሊቱ ዞርን። ካህናቱ በጧፍ ብርሃን የሚያሸበሽቡበት የልጁ ፎቶ ጭቃ ነው። ፊት የለ፣ ዓይን የለ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ። የኔ ላይ ደግሞ የጧፉ ብርሃን አንድ ዲያቆን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ የቀኑን ጥምቀት ይዟል፣ እኔ የሌሊቱን።

ከዚያ ወዲህ "የቱ ይሻላል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን ከቦርሳ የምታወጡት የት ነው? ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። በቅደም ተከተል እንሂድበት።

አንደኛ፦ አሥር ፎቶ በወረቀት ላይ ጻፉ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ማንሳት የምትፈልጉትን አሥር ፎቶ ጻፉ። "የተፈጥሮ ፎቶ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። እሱ ምንም አይነግራችሁም። "ባሌ ተራሮች፣ ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ በማለዳ" ብላችሁ ጻፉ። "የእህቴ ልጅ ክርስትና፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።" "ጢስ ዓባይ፣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት።" "ሐምሌ ላይ ዝናብ እየዘነበ፣ ታክሲ ሰልፍ።"

ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ፊደል አድርጉ። ያንን ፎቶ የሚያበላሽባችሁ የብርሃን ማነስ ከሆነ "ብ" ጻፉ። ርቀት ከሆነ "ር"። ውሃ፣ አቧራ ወይም መውደቅ ከሆነ "ው"። ካሜራው ትልቅና ከባድ በመሆኑ ብቻ ቤት ጥላችሁት የምትወጡ ከሆነ "ኪ"፤ ኪስ ለማለት ነው።

"ብ" እና "ር" ከበዙ ወደ ዲኤስኤልአር ናችሁ። "ው" እና "ኪ" ከበዙ ወደ ትንሹ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሰው በዓመት አንዴ የሚሄድበትን ቦታ አስቦ በየሳምንቱ የሚውልበትን ይረሳል። ጓደኛዬ ለሦስት ቀን የአፋር ጉዞ ብሎ ውሃም አቧራም የማይበግረው ካሜራ ገዛ። ቀሪውን ዓመት የሚያነሳው ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን፣ ልጆቹን ነው። አሁን ልጆቹን በስልኩ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ከፊደሉ ጎን በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆንም ጻፉበት።

ሁለተኛ፦ ምስርና ሳንቲም

ልዩነታቸው ከየት እንደሚመጣ ካልገባችሁ ሻጭ እንደፈለገ ያዞራችኋል። ጉዳዩ ሴንሰሩ ነው፤ ማለትም በሌንስ የገባውን ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው "ዓይን"።

ውሃ የማያስገቡት ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወጥ ቤት ግቡና አንድ የምስር ፍሬ አንሡ። ያንን ያህላል። ለጀማሪ የሚሸጠው የኒኮን ዲኤስኤልአር ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ብታስቀምጡት ጫፍና ጫፉ ከሳንቲሙ ጠርዝ ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። የካነኑ ትንሽ ያንሳል፣ 22.3 በ14.9። በስፋት ሲሰላ የዲኤስኤልአሩ ሴንሰር ከትንሹ 12 እና 13 እጥፍ ይበልጣል።

ዝናብ ሲዘንብ አንዱ በስኒ፣ ሌላው በሳፋ ውሃ እየተቀበለ እንደሆነ አስቡት። ዶፍ ከሆነ ሁለቱም ይሞላሉ። ለዚያ ነው በጠራራ ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ስልክ ላይ ስታዩት ልዩነቱ የማይታወቀው። ካፊያ ሲሆን ነው ስኒው የሚያሳፍረው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ ዓይናቸው የጎላ የመላእክት ፊቶች በመስመር ተደርድረዋል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ለጥንት ሥዕል አይሆንም። እዚያ ትንሹ ካሜራ አይኤስኦውን፣ ማለትም ጨለማ ሲሆን ከፍ የሚደረገውን የብርሃን ስሜቱን፣ ወደ 1600 እና 3200 ሲያወጣ የመላእክቱ ዓይን መሟሟት ይጀምራል። ዲኤስኤልአሩ በተመሳሳይ ቁጥር ላይ ገና ዘና ብሏል። በዚያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለውን ሌንስ ብትገጥሙበት ጨዋታው አለቀ፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ይህ ሌንስ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የካነኑ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዲኤስኤልአር ገዝቶ ይህን ሌንስ ያልገዛ ሰው መኪና ገዝቶ ከሁለተኛ ማርሽ የማያልፍ ይመስለኛል።

ሜጋፒክስል እንዳያታልላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውሃ የማይበግረው ኦሊምፐስ ቲጂ-6 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። 16 እና ከዚያ በላይ አለን የሚሉ ተፎካካሪዎች አሉት። ምስር ላይ ብዙ ብትቆፍሩ ምስሩ አይሰፋም። ጉድጓዶቹ ናቸው የሚጠቡት።

ዳራውን ማደብዘዝም የሴንሰሩ ጉዳይ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ቁልጭ ብላ ከጀርባዋ ያለው አዳራሽ የሚሟሟበት ፎቶ ከፈለጋችሁ፣ ትንሹ ካሜራ አይሰጣችሁም። ሌንሱ ላይ "ኤፍ 2.0" የሚል ቢጻፍም እንኳ አይሰጣችሁም።

ለፍትሕ ያህል ትንሹ የሚያሸንፍበትን አንድ ቦታ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቅርበት ነው። የቲጂ ተከታታይ ከሌንሱ 1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፎከስ ያደርጋል። ከዲኤስኤልአር ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሌንስ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር መራቅ ይፈልጋል። የቡና አበባ ላይ ያረፈች ጉንዳን እግሯን መቁጠር ካማራችሁ ትንሹ ነው የናንተ።

ሦስተኛ፦ "15 ሜትር" ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ

የእነዚህ ካሜራዎች ካርቶን በቁጥር የተሞላ ነው። ቲጂ-6 15 ሜትር ጥልቀት፣ ከ2.1 ሜትር መውደቅ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜ እችላለሁ ይላል። ኒኮን ደብሊው300 ደግሞ 30 ሜትር ጥልቀት።

እንግዲህ እንነጋገር። ኤይላት ወይም ዱባይ ያለ ዘመዳችሁ ይህ ቁጥር ይጠቅመዋል፤ ባሕሩ ደጁ ነው። እኛ ባሕር የለንም። ላንጋኖ ይዋኛል፣ ግን ውሃው በወተት የተቀላቀለ ቡና ነው የሚመስለው። ካሜራ ብታስገቡበት የምታገኙት ፎቶ ቡናማ ግድግዳ ነው። ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ 15 እና 30 ሜትር እያላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ለኛ አገር ሰው የዚህ ካሜራ ጥቅሙ ሌላ ነው። አቧራ አይገባበትም። ዝናብ አያስፈራውም። ከበቅሎ ላይ ቢወድቅ አንሥታችሁት ትቀጥላላችሁ።

ውሃውን የሚከለክለው ምን እንደሆነ ዕወቁ። የባትሪው ክዳን ጠርዝ ላይ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት፤ መካኒክ ጎሚኒ የሚላት ዓይነት። አንድ ፀጉር፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት፣ አንድ የጋቢ ክር እሷ ላይ ካረፈ የ15 ሜትሩ ወሬ አበቃ። አምራቹ ራሱ ጎማዎቹን በየዓመቱ አስቀይሩ ይላል። የሚቀይርላችሁ ሰው በቅርብ ከሌለ፣ አራት ዓመት የሠራች ካሜራ "ውሃ አይገባትም" ተብላ ስትሸጥላችሁ በልባችሁ "ዝናብ ትችላለች" ብላችሁ ተርጉሙት።

ፍል ውሃ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ወንዶ ገነት ላይ እንዳትነክሯት። የተሠራችው ለቀዝቃዛና ለብ ላለ ውሃ ነው።

አራተኛ፦ ዝርዝራችሁን ከቦታው ጋር አገናኙ

ስሜን ተራሮች። ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሣር ሲነቅሉ ታያላችሁ። ለነሱ ትንሹ ካሜራ ይበቃል። ዋልያው ግን ገደል ላይ ነው። የቲጂ-6 ዙም አራት እጥፍ ብቻ ነው፤ ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር እኩያ (ሚሊ ሜትሩ ባደገ ቁጥር ሩቁ ይቀርባል)። ዋልያዋ የቡና ፍሬ ታክላለች። ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። እዚያ ዲኤስኤልአርና እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ከሌላችሁ በዓይን አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል። ዕይታውም ራሱ ጥሩ ነው።

ሁለቱም ቦታዎች ሌሊት ይበርዳሉ። ብርድ ባትሪ ይገድላል። ባትሪውን አውጥታችሁ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ አብራችሁት ተኙ። ቀልድ አይደለም።

ዳሎል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ ጨውና ሙቀት ብቻ የሆነ አገር። የሁለቱም ካሜራዎች መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 40 ዲግሪ ነው። ዳሎል ቀትር ላይ ብዙ ጊዜ ይህን ያልፋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ከፀሐይ ሸፍኑ። ጨውና አቧራው ለትንሹ ያደላል። ዲኤስኤልአር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሌንስ መቀየር የሚባል ነገር እርሱት። አንድ ሌንስ ገጥማችሁ ውጡ፣ ያው ይመለስ። ለዲኤስኤልአር የሚያደሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንዱ ባትሪ ነው። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ በመደበኛው ፍተሻ 1,550 ፎቶ ያነሳል፣ ቲጂ-6 340። ሁለት ሌሊት መብራት በሌለበት ካደራችሁ ይህ ቁጥር ከሜጋፒክስል ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ፣ ቪውፋይንደር ነው። ነጩ ጨው ላይ ፀሐይ ሲያንጸባርቅ የትንሹ ካሜራ ስክሪን ጥቁር መስታወት ይሆናል። የራሳችሁን ኮፍያ እያያችሁ በግምት ነው የምታነሱት።

ጢስ ዓባይ። ክረምት መውጫ ላይ ውሃው ሲሞላ ጭሱ ከሩቅ ያርሳል። እዚህ ትንሹ ያለ ጥያቄ። ከተማ ውስጥ ዝናብ ላይም እንደዚሁ።

አምስተኛ፦ ሰው ፊት ሲያወጡት

ይህን የትም ካርቶን ላይ አታገኙትም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስኤልአር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አንድ ሕንፃ ፊት ቁሙ። ጥበቃው ከወንበሩ ሲነሣ ታያላችሁ። "ከየት ነው የመጣኸው? ፈቃድ አለህ?" ይላል። በስልክ አሥር ሰው ሲያነሳ ዝም ያለው ሰውዬ ነው። ትልቅ ካሜራ ሥራ ይመስላል፤ ሥራ ደግሞ ወረቀት ይጠየቅበታል።

ገጠርም ነገሩ ይለያያል። አንዲት እናት ዲኤስኤልአሬን አይተው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጆቹን ጠርተው፣ ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። "በል እንግዲህ አንሣን ልጄ፣ ግን ታመጣልናለህ" አሉኝ። ቆንጆ ፎቶ ሆነ፤ አሳትሜም ልኬላቸዋለሁ። ግን እኔ የፈለግሁት ቅድም እንጀራ ሲጋግሩ የነበረውን ነበር። ትንሿን ካሜራ ይዤ ቢሆን ምጣዱን ትተው አይነሡም ነበር። የቱን ዓይነት ፎቶ እንደምትወዱ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትሹ

እኛ ጋ ብዙው ካሜራ ዩዝድ ነው። ዲኤስኤልአር በተለይ። ካነንና ኒኮን ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ፣ ካዞሩ ቆይተዋል። ውጭ አገር ሰዎች ዲኤስኤልአራቸውን እየሸጡ ወደዚያ ሲሄዱ የነሱ ይመጣልናል። "ፋሽኑ አልፏል" ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት። የጎንደሩን ጧፍ ያነሳልኝ ካሜራ ያኔም ፋሽኑ ያለፈበት ነበር።

ዲኤስኤልአር ስትገዙ የምታደርጉት ይህ ነው። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 16 አድርጉ፣ ኦቶፎከሱን አጥፉ፣ ባዶ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሡ። ስክሪኑ ላይ አጉሉት። በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የማይነቃነቅ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። አንድ ሁለት ከሆነ ይጸዳል። ሰማዩ እንደ ጤፍ ከተነቀሰ ባለቤቱ ሌንስ ሲቀይር የኖረው ሜዳ ላይ ነው። ቀጥሎ ሌንሱን አውልቃችሁ በአንድ ወገን የስልካችሁን መብራት አብሩበት፣ በሌላው እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ጥላችሁት ውጡ። ከዚያ የሹተሩን (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ) ቁጥር ጠይቁ። ስንት ጊዜ ቀጭ ብሏል ማለት ነው፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር። ለጀማሪ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ወደ 100,000 ይገመታሉ። የሰርግ ሠራተኛ እጅ ላይ የነበረ ካሜራ ይህን አልፎ ሊሆን ይችላል። ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ትንሹን ስትፈትሹ ደግሞ ጥፍርና ዓይን ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ብሎኖቹን እዩ። ጭንቅላታቸው የተላጠ ወይም የተቧጨረ ከሆነ አንድ ሰው ከፍቷታል። አንዴ ሱቅ ውስጥ የተከፈተች ካሜራ ጥብቀቷን የሚያረጋግጥ መሣሪያ ሳይፈትሻት ውሃ አትከለክልም ብላችሁ ያዙት። ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቱና ጎማውን በጣት ጫፍ ዳሱት። ለስላሳና እርጥበት የለሽ መሆን አለበት። የተሰነጠቀ፣ የጠነከረ፣ አንድ ቦታ ላይ የተጨፈለቀ ከሆነ ዋጋው እዚያው ይወድቃል። ሌንሱ ላይ መብራት አብሩ። ከውስጥ ጉም ወይም የደረቀ የጠብታ ምልክት ካለ ውሃ ቀድሟችሁ ገብቷል።

ከዚያ የሶፍቱ ፈተና። ባትሪውንና ሜሞሪውን አውጡ። ቁራጭ ሶፍት አጥፋችሁ ባትሪው ቦታ ክተቱ፤ ጫፉ ጎማው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ክዳኑን እስኪቆልፍ ዝጉ። ሳፋ ወይም ባልዲ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አስቀምጡ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ከገጽታዋ ይነሣል፣ እሱ ችግር የለውም። ከአንድ ቦታ እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ የሚወጣ አረፋ ካያችሁ ቶሎ አውጧት። ካወጣችሁ በኋላ በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ክዳኑን ወደ ታች አዙራችሁ ክፈቱ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ባልዲ 15 ሜትር አይደለም፣ ግን ዝናብን ያህል ዋስትና ይሰጣል።

አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ከአፉ ሳያወርድ "ወንድሜ፣ ይቺ ውሃ ውስጥ ነው የተወለደችው" ሲል የነበረ ሰው ነው። ባልዲ ሳነሳበት ፊቱ ተለወጠ። "ኧረ ተው፣ ለምን እናበላሻታለን?" አለኝ። ሳቅን፣ ተሰነባበትን፣ ወጣሁ።

ሰባተኛ፦ ሒሳቡ

የብር ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ በዚህ ወር የጻፍኩት በሚቀጥለው ያስቃል። አደማመሩን ብቻ ልንገራችሁ። ዲኤስኤልአር ሲባል ቦዲው፣ ማለትም ሌንስ የሌለው ካሜራ፣ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ሌንስ፣ ቦርሳ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ቻርጀሩ ኦሪጅናል መሆኑ። ከቦዲው ዋጋ ላይ ቢያንስ ግማሹን ጨምራችሁ ገምቱ። ለትንሹ ሁለት ትርፍ ባትሪና አንድ ሜሞሪ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቲጂ-7 በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞላ የስልክ ፓወር ባንክ ይሠራለታል፤ ለገጠር ጉዞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ "ሮው" የሚባለውን፣ ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ፋይል እንደሚያስቀምጥ አረጋግጡ። ሁለቱ ቲጂዎች ያስቀምጣሉ፣ ኒኮን ደብሊው300 አያስቀምጥም።

ስልካችሁ አዲስና ውሃ የሚችል ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። በቀን ብርሃን የሚያነሳው ከትንሹ ካሜራ ላያንስ ይችላል። ያኔ ትንሹን መግዛት ትርጉም የሚኖረው ስልካችሁን ለጭቃና ለድንጋይ አደጋ ማጋለጥ ካልፈለጋችሁ ነው። ስልክ የጠፋበት ሰው ፎቶ ብቻ አይደለም የሚጠፋበት፤ ባንኩም እዚያው ነው።

ስምንተኛ፦ አንድ ቀን ተከራዩ

አሁንም ልባችሁ ከዋለለ ዲኤስኤልአር ለአንድ ቀን ተከራዩ፣ ትንሹን ከሰው ተዋሱ። ሦስት ፎቶ በሁለቱም አንሡ። ማታ ቤት ውስጥ በአንድ አምፖል የሰው ፊት። ቀትር ላይ መንገድ ዳር። ሩቅ ያለ ወፍ። ስልክ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ ከቦርሳ እንዳወጣችኋቸው ቁጠሩ።

ከገዛችሁ በኋላ

ዲኤስኤልአር የገዛችሁ ዝናብ አለ ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ወፈር ያለ ፌስታል ውሰዱ። ታቹን የሌንሱን አፍ በሚያህል ልክ ቅደዱ። ሌንሱን በቀዳዳው አሳልፉና በላስቲክ እሰሩት። እጃችሁና ዓይናችሁ በሰፊው አፍ በኩል ይገባሉ። አስቀያሚ ነው፣ ይሠራል። አንዳንድ ውድ ቦዲዎች እርጥበት እንከላከላለን ይላሉ። ካፊያ ማለታቸው እንጂ ጥምቀት ማለታቸው አይደለም።

ትንሹን የገዛችሁ፣ ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ሁልጊዜ ጎማዋን እፍ በሉባት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጓት። እጃችሁ እርጥብ ሳለ አትክፈቱ። ከጨው ውሃ ወይም ከጭቃ ከወጣችሁ ክዳኑ እንደተዘጋ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፏት። ፀሐይ ላይ የጋለችን ካሜራ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ሌንሷ ከውስጥ ጉም ይይዛል። የጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን ትንሽ የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ። ከካሜራው ጋር ኮሮጆ ውስጥ አኑሯት፤ ለሁለቱም ካሜራ ይሠራል።

እኔ? ባለፈው ጥምቀት ጎንደር ስሄድ ዲኤስኤልአሩን ከነ50 ሚሊ ሜትሩ ለከተራው ማታና ለሌሊቱ ያዝኩ። ሊነጋ ሲል አብረውኝ ለነበሩት አስረክቤ፣ ከዚያው ልጅ በተዋስኳት ትንሽ ካሜራ ወደ ውሃው ወረድኩ። እስከ ጉልበቴ ነው የገባሁት፤ ውሃው ይበርዳል። ገመዷን አንጓዬ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜያታለሁ።